መለኪያውን ማን ይለካዋል? የ75,848 ክሪስታሎች ታሪክ

ገበያ ሄዳችሁ አንድ ኪሎ ቡና ገዛችሁ እንበል። ቤት ስትደርሱ እናታችሁ በቤት ሚዛን መዘነችው፤ 920 ግራም። «ተሸውዳችኋል!» አለች። ግን ቆይ፣ የዋሸው የማን ሚዛን ነው? የነጋዴው ወይስ የእናንተ ቤት? ሁለቱን ሚዛኖች ብቻ ይዛችሁ ቀኑን ሙሉ ብትከራከሩ መልስ አታገኙም። ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋችኋል፦ ክብደቱ ከማንም ክርክር በፊት በእርግጠኝነት የታወቀ ነገር። እሱን በሁለቱም ሚዛን ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ የትኛው ምን ያህል እንደሚሳሳት ታያላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ስህተቱን እያረማችሁ መመዘን ትችላላችሁ።

ይህ ሥራ ካሊብሬሽን ይባላል። የመሣሪያውን መልስ ከሚታወቅ ነገር ጋር አመሳክሮ ልዩነቱን ማረም ማለት ነው። የቤንዚን ማደያ፣ የመብራት ቆጣሪ፣ የሆስፒታል የደም ግፊት መለኪያ ሁሉም ይህ ያስፈልጋቸዋል።

አሁን ነገሩን እናክብደው። በአንድ ሚዛን ፈንታ 75,848 ሚዛኖች አሉ እንበል። እያንዳንዱ የራሱ ስህተት አለው። ስህተቱ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል። ሚዛኖቹ ያሉት 100 ሜትር ያህል ከመሬት በታች ነው፤ ሥራ ላይ እያሉ ማንም ሰው አጠገባቸው መድረስ አይችልም። እና እነሱ በሰጡት ቁጥር ተመሥርታችሁ ለዓለም «አዲስ ቅንጣት አግኝተናል» ልትሉ ነው።

ይህ ፈጠራ አይደለም። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ ሰርን በሚባለው የምርምር ማዕከል፣ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው።

ከመሬት በታች ምን አለ?

ሰርን 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ክብ ዋሻ አለው። በውስጡ ትልቁ የሃድሮን ማጋጫ ፕሮቶኖችን ወደ ብርሃን ፍጥነት አስጠግቶ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ያሽከረክራል፤ ከዚያም በአራት ቦታዎች ያጋጫቸዋል። ከአራቱ በአንዱ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሴሲ በምትባል ትንሽ ከተማ ሥር፣ ሲኤምኤስ የሚባል ዲቴክተር ተቀምጧል። ዲቴክተር ስንል ከግጭቱ የሚወጡትን ቅንጣቶች የሚይዝና የሚለካ መሣሪያ ማለታችን ነው። ይኼኛው ርዝመቱ 21 ሜትር፣ ከፍታው 15 ሜትር፣ ክብደቱ 14,000 ቶን ነው። በውስጡ የፕሮቶን እሽጎች በየ25 ናኖ ሰከንዱ ይተላለፋሉ፤ በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ መሆኑ ነው።

ሲኤምኤስ እንደ ሽንኩርት ብዙ ልጣጭ አለው። እያንዳንዱ ልጣጭ የተለየ ሥራ ይሠራል። ዛሬ የምናወራው ስለ አንዱ ብቻ ነው፦ የኤሌክትሮንና የፎቶን ጉልበት ስለሚለካው። ሚዛኖች ያልኳችሁ 75,848 ነገሮች እዚህ ያሉ ክሪስታሎች ናቸው።

ክሪስታሎቹ ከእርሳስና ከታንግስተን የተሠሩ ናቸው። ስታዩዋቸው ንጹህ ብርጭቆ ይመስላሉ፤ ስታነሷቸው ግን ከብረት ይከብዳሉ። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብረት 7.9 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ይህ ክሪስታል 8.3 ግራም ገደማ ይመዝናል። በመካከለኛው ክፍል ያሉት 23 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አላቸው፤ የእያንዳንዱ ክብደት 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፍተኛ ጉልበት ያለው ፎቶን ወደ ክሪስታሉ ሲገባ ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ይቀየራል። እነዚህ ሌሎች ፎቶኖችን ይወልዳሉ፤ እነዚያም መልሰው ኤሌክትሮኖችን ይወልዳሉ። በአፍታ አንድ የነበረው ብዙ ይሆናል። ይህ የቅንጣት ዶፍ በክሪስታሉ ውስጥ ሲያልፍ ክሪስታሉ ሰማያዊ ብርሃን ያበራል። የገባው ጉልበት በበዛ ቁጥር ብርሃኑም ይበዛል። ከክሪስታሉ ጀርባ የተለጠፈ ትንሽ መሣሪያ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይረዋል፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ቁጥር ይሆናል። «አንድ ኪሎ» የሚለን ያ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምህንድስና ጣጣ ነበር። ደካማ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር የተለመደው መሣሪያ ፎቶ መልቲፕላየር ቱቦ ነው። ግን ሲኤምኤስ ውስጥ 3.8 ቴስላ የሚደርስ የማግኔት ኃይል አለ። በዚያ ውስጥ የተለመደው ቱቦ መሥራት አይችልም፤ ኤሌክትሮኖቹን ማግኔቱ መንገድ ያስታቸዋል። ስለዚህ በመካከለኛው ክፍል ከሲሊኮን የተሠሩ ትንንሽ ዳዮዶች ተመረጡ። ዳዮዶቹ ማግኔትን አይፈሩም። ግን የራሳቸው አመል አላቸው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ማሟሻ

እንጀራ ሲጋገር ያየ ሰው የመጀመሪያዋን እንጀራ ያውቃታል። ማሟሻ ናት። ዋና ሥራዋ መበላት ሳይሆን የምጣዱን ጠባይ ማሳወቅ ነው፦ ግሏል ወይ? አንድ ጎኑ ከሌላው ይበልጣል ወይ? ሊጡ ይለቃል ወይ?

ክሪስታሎቹም ማሟሻ ነበራቸው። የተመረቱት በሩሲያና በቻይና ሲሆን ሥራው ዓመታት ፈጅቷል። እያንዳንዱ ክሪስታል ከቀለጠ ማዕድን ቀስ ተብሎ ተስቦ «ያደገ» ስለሆነ ሁለት ክሪስታሎች መቶ በመቶ አንድ ዓይነት አይሆኑም። አንድ ዓይነት ፎቶን ሁለቱን ቢመታቸው፣ አንዱ 100 ሲል ሌላው 110 ሊል ይችላል። ውሸት አይደለም፤ ተፈጥሯቸው ነው። ግን መታወቅ አለበት።

ስለዚህ ዲቴክተሩ ከመገጣጠሙ በፊት ክሪስታሎቹ ተፈተኑ። የመካከለኛው ክፍል 61,200 ክሪስታሎች በ36 ትልልቅ ሞጁሎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ 1,700። ከሞጁሎቹ ጥቂቶቹ ጉልበቱ አስቀድሞ በሚታወቅ የኤሌክትሮን ጨረር ፊት ተቀመጡ። የሚታወቅ ጉልበት ይገባል፣ ክሪስታሉ ቁጥር ይሰጣል፣ ልዩነቱ ይመዘገባል። ልክ በሚዛን ላይ የታወቀ ክብደት እንደ ማስቀመጥ ነው።

ሁሉንም ሞጁሎች በዚህ መንገድ ለመፈተን ግን ጊዜ አልነበረም። ታዲያ ምን ተደረገ? ነጻ ከሆነው ጨረር ተበደሩ። ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች የምድርን ከባቢ አየር ሲመቱ ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይወለዳሉ፤ እነሱም ያለማቋረጥ በላያችን ላይ ይዘንባሉ። አሁን መዳፋችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። በየሰከንዱ በአማካይ አንድ ገደማ ሙዮን እየበሳው ያልፋል። አይሰማችሁም፤ ክሪስታሉ ግን ይሰማዋል። ሙዮን ክሪስታሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሰነጥቀው የሚተወው ጉልበት ከሞላ ጎደል የታወቀ ስለሆነ፣ 36ቱም ሞጁሎች ከሰማይ በሚወርደው በዚህ ዝናብ ሥር ለቀናት ተቀምጠው ተመሳከሩ።

እሺ፣ ተመሳከሩ፣ ተገጠሙ። ሥራው አለቀ? ገና ምኑ ተነካና!

ሁለት ጠላቶች፦ ሙቀትና ጨረር

የመጀመሪያው ጠላት ሙቀት ነው። ክሪስታሉ ሲሞቅ የሚያበራው ብርሃን ይቀንሳል። ከጀርባው ያለው ዳዮድም ሲሞቅ የማጉላት አቅሙ ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደመሩ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ ምልክቱ 4 በመቶ ገደማ ይለወጣል። ትንሽ ይመስላል አይደል? እስቲ እናስላው። ጉልበቱ 125 የሆነ ነገር በ4 በመቶ ቢቀንስ 120 ይሆናል። አንድ ዲግሪ ሙቀት፣ ፊዚክስ ላይ ትልቅ ስህተት!

መፍትሔው ውሃ ነው። በክሪስታሎቹ ዙሪያ በተዘረጉ ቱቦዎች ውስጥ ሙቀቱ የተጠበቀ ውሃ ይዘዋወራል። ክሪስታሎቹን በ18 ዲግሪ ያቆያቸዋል፤ የሚፈቀደው መዋዠቅ 0.05 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የአንድ ክፍል ሙቀት መስኮት ሲከፈት እንኳ ከዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚለወጥ አስቡት።

ሁለተኛው ጠላት ጨረር ነው፤ እሱን በቱቦ ውሃ አትገላገሉትም። ዲቴክተሩ የተሠራው ጨረር ለመለካት ነው፤ የሚለካው ጨረር ራሱ ደግሞ ይጎዳዋል። ጉዳቱ እንዲህ ነው፦ ጨረሩ ክሪስታሉ ውስጥ ብርሃን የሚውጡ ጥቃቅን እንከኖችን ይፈጥራል። ክሪስታሉ የሚያመነጨው ብርሃን አልቀነሰም፤ ግን በመንገድ ላይ ይዋጣል። የድሮ ፋኖስ አስቡ። መብራት በሌለበት ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ብርጭቆው ጥላሸት ይይዛል። እሳቱ ያው እሳት ነው፤ ቤቱ ግን ይጨልማል።

የሚገርመው ነገር ክሪስታሉ ራሱን በራሱ ማከሙ ነው። ግጭቱ ሲቆም በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ከእንከኖቹ ከፊሎቹ ይጠፋሉ፤ ክሪስታሉም መልሶ ይጠራል። ስለዚህ የክሪስታሎቹን ጥራት በግራፍ ብትስሉት እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል ይወርዳል፦ ግጭት ሲኖር ዝቅ፣ ሲቆም ከፍ። ሙሉ በሙሉ ግን አይመለስም። በመካከለኛው ክፍል ያለው ኪሳራ ጥቂት በመቶ ሲሆን፣ በዳርና በዳር ካሉት ክፍሎች ለፕሮቶኑ ጨረር በጣም ቅርብ የሆኑት ክሪስታሎች እ.ኤ.አ. እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ብርሃን የማሳለፍ አቅማቸውን ከግማሽ በላይ አጥተዋል።

ታዲያ ከሰዓት ሰዓት የሚለዋወጠውን ስህተት እንዴት ይከታተሉታል? በሌዘር። ከዋሻው ውጭ ካለ ክፍል ሰማያዊ የሌዘር ብርሃን ይተኮሳል። ቀለሙ ሆን ተብሎ ክሪስታሉ ራሱ ከሚያበራው ብርሃን ጋር የተቀራረበ ነው። ብርሃኑ በቀጫጭን የብርሃን ገመዶች ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክሪስታል ይደርሳል። የተላከው ስንት ነው? በሌላኛው በኩል የወጣው ስንት ነው? የሁለቱ ንጽጽር ክሪስታሉ በዚያች ሰዓት ምን ያህል እንደጨለመ ይናገራል።

ሌዘሩ መቼ ይተኮሳል? ግጭቱ እየተካሄደ ነው እኮ! እዚህ ላይ መሐንዲሶቹ አንድ ጥሩ ነገር አስተዋሉ። ፕሮቶኖቹ ቀለበቱን አንዴ ለመዞር 89 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈጅባቸዋል። በየዙሩ ውስጥ 3 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ክፍተት አለ። ክፍተቱ የተተወው ለሌላ ምክንያት ነው፤ ጨረሩን በድንገት ማስወጣት ሲያስፈልግ የሚያስወጡት ማግኔቶች ለመነሳት ጊዜ እንዲያገኙ። ሌዘሩ በዚያች ክፍተት ውስጥ ሹልክ ይላል፤ በሰከንድ 100 ያህል ጊዜ። ሁሉንም ክሪስታሎች ዳስሶ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ቀንም ሌሊትም።

ግን ሌዘሩ ራሱ ቢደክምስ? ዛሬ ትንሽ ደብዘዝ፣ ነገ ትንሽ ደመቅ ቢልስ? የሌዘሩ ድካም የክሪስታሉ ጉዳት መስሎ ይታያል። ስለዚህ የሌዘሩን ብርሃን የሚለኩ ሌሎች ዳዮዶች ለብቻቸው ተቀምጠዋል። አያችሁ? መለኪያውን የሚለካ፣ እሱንም የሚለካ። ታዲያ ይህ ሰንሰለት የት ነው የሚያበቃው?

ተፈጥሮ የሠራችው የሚዛን ድንጋይ

ሰንሰለቱ ማንም ሰው ሊያዛባው የማይችል ነገር ላይ መታሰር አለበት። ደግነቱ እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ ግጭቱ ራሱ ይፈጥረዋል።

ዜድ ቦዞን የሚባል ቅንጣት አለ። ተወልዶ ወዲያውኑ ይፈርሳል፤ ከ100 ጊዜ 3 ያህሉ ወደ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ፖዚትሮን። የሁለቱን ጉልበትና በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ካወቃችሁ የወላጃቸውን ክብደት ማስላት ትችላላችሁ። የዜድ ክብደት ደግሞ በሚገባ የታወቀ ነው፦ 91.19 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት። ዛሬም ነገም፣ እዚህም በሌላ ጋላክሲም ያው ነው። ዜድ ቦዞን አያረጅም፣ አይዝግም፣ ነጋዴ አይሞርደውም።

ስለዚህ ሥራው ይህን ይመስላል። ብዙ ሺህ የዜድ ፍርስራሾችን ትሰበስባላችሁ፤ ክብደታቸውን በግራፍ ትስላላችሁ፤ ኮረብታ ይወጣል። የኮረብታው ጫፍ 91.19 አካባቢ ካልሆነና ለምሳሌ 90.5 ላይ ከሆነ፣ ስህተቱ የዜድ ሳይሆን የእናንተ ነው። ከዚያ የትኞቹ ክሪስታሎች እንደጎተቱት ፈልጋችሁ ታርማላችሁ። ለትንሽ ጉልበት ደግሞ ወደ ሁለት ፎቶን የሚፈርስ ፓይ ዜሮ የሚባል ቀላል ቅንጣት አለ፤ ክብደቱ 135 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ከዜድ 675 ጊዜ ገደማ ያነሰ። ትልቅ ድንጋይና ትንሽ ድንጋይ፤ ጥሩ ነጋዴ ሁለቱም አሉት።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2012 ሲኤምኤስና አትላስ የተባሉት ሁለት የሰርን ሙከራዎች 125 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የሚመዝን አዲስ ቅንጣት ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሂግስ ቦዞን ነበር። ንድፈ ሐሳቡ በ1964 ቀርቦ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲጠበቅ የቆየ።

ሂግስ የሚታይበት አንዱ ዋና መንገድ ወደ ሁለት ፎቶን ሲፈርስ ነው። ያ የሚሆነው ከ1,000 ጊዜ 2 ያህል ብቻ ነው። ችግሩ ደግሞ ከሂግስ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ፎቶኖች በሌላ ምክንያት በብዛት መወለዳቸው ነው። ስለዚህ ሂግስ በግራፉ ላይ በሰፊ ዳገት ላይ እንዳለች ትንሽ ጉብታ ነው የሚታየው።

አሁን አንድ ቁና ጤፍ አስቡ። መሬት ላይ አንድ ቦታ ብትቆልሉት ከሩቅ ይታያል። ያንኑ ቁና በሜዳ ላይ ብትበትኑት ግን አንድም ፍሬ ሳይጎድል ማንም አያየውም። የሂግስ ጉብታም እንዲሁ ነው። ሂግስ በተፈጥሮው ያለው የክብደት ስፋት ኢምንት ነው፤ በንድፈ ሐሳቡ ስሌት 4 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ። በግራፉ ላይ የሚታየው ጉብታ ግን ከ1 እስከ 2 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይሰፋል፤ በመቶዎች እጥፍ። ያ ስፋት ከሞላ ጎደል በሙሉ የመሣሪያው ነው። ካሊብሬሽኑ ጥሩ ሲሆን ጤፉ ይከመራል። መጥፎ ሲሆን ይበተናል፤ ያው ቅንጣት፣ ያው ዳታ፣ ግን ጉብታ የለም። የውሃ ቱቦው፣ ሌዘሩ፣ ዜድ ቦዞኑ፣ ሌሊት የሚያድሩት ሠራተኞች ሁሉ ለዚህ ነው።

ድንጋዩን ማን መዘነው?

ጥሩ ጠያቂ ከሆናችሁ አሁን አንድ ጥያቄ መጥቶባችኋል፦ የዜድ ክብደት 91.19 መሆኑን ማን ነገራችሁ?

መልሱ በዚያው ዋሻ ውስጥ ነው። ከአሁኑ ማጋጫ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2000፣ በዚያው 27 ኪሎ ሜትር ቀለበት ውስጥ ሌፕ የሚባል ማጋጫ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ያጋጭ ነበር። የዜድን ክብደት ከ91,188 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ውስጥ በ2 ሜጋ ብቻ በሚያሻማ ጥራት ለካው። ለዚህ የጨረሩን ጉልበት በጣም በትክክል ማወቅ ነበረባቸው፤ ጉልበቱ ግን በማይገባ ምክንያት ይዋዥቅ ነበር።

የመጀመሪያዋ ጥፋተኛ ጨረቃ ሆና ተገኘች። ጨረቃ የባሕርን ውሃ ከፍና ዝቅ እንደምታደርግ ታውቃላችሁ፤ ጠንካራውን የምድር ቅርፊትም በጥቂቱ ታነሳዋለች። በዚህ የተነሳ የ27 ኪሎ ሜትሩ ቀለበት ዙሪያ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጠጥና ይሰበሰብ ነበር። ይህቺ አንድ ሚሊ ሜትር በጨረሩ ጉልበት ላይ ታየች። አጠገቡ ያለው የጄኔቫ ሐይቅ ውሃ ሲሞላና ሲጎድልም መሬቱ ስለሚንቀሳቀስ እሱም ታየ።

የመጨረሻው ጥፋተኛ የበለጠ ያስቃል። ጉልበቱ ቀን ቀን ይረበሻል፣ ሌሊት ለጥቂት ሰዓታት ጸጥ ይላል፣ ማለዳ እንደገና ይረበሻል። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ባቡር! ከጄኔቫ ወደ ፈረንሳይ የሚሄዱት የኤሌክትሪክ ባቡሮች ከሚጠቀሙት ኤሌክትሪክ ከፊሉ ወደ መሬት እየሾለከ፣ በማጋጫው የብረት ቱቦ በኩል እያለፈ ማግኔቶቹን ይነካካ ነበር። ጸጥታው ባቡር የሌለበት ሰዓት ነው።

ጨረቃውም፣ ሐይቁም፣ ባቡሩም ተሰልተው ተቀነሱ። ዛሬ ሲኤምኤስ የሚመሳከርበት ድንጋይ እንዲህ ተጣርቶ የወጣ ነው።

አንድ የላላ ገመድ

ነገሩ ሲበላሽ ምን ይመስላል? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ኦፔራ የሚባል ሙከራ ዓለምን አስደነገጠ። ከሰርን ተነስተው 730 ኪሎ ሜትር መሬት ሰንጥቀው ጣልያን ውስጥ ግራን ሳሶ ወደሚባለው የምድር ውስጥ ላቦራቶሪ የሚደርሱ ኒውትሪኖዎችን ይለኩ ነበር። ኒውትሪኖዎቹ ከብርሃን በ60 ናኖ ሰከንድ ገደማ ቀድመው የደረሱ መሰለ። እውነት ቢሆን ኖሮ የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ ጣጣ ውስጥ በገባ ነበር።

ተመራማሪዎቹ ወራት ፈጅተው ስህተታቸውን ፈልገዋል፤ ሲያጡ ውጤቱን ይፋ አድርገው ሌሎችም እንዲመረምሩት ጠየቁ። በ2012 መጀመሪያ ላይ ጉዳዩ ተገኘ። ከሳተላይት የሚመጣውን የሰዓት ምልክት ወደ መሬት ውስጥ የሚያወርደው የብርሃን ገመድ በትክክል አልተሰካም ነበር። ገመዱ ስለላላ ምልክቱ ዘገየ፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀረ፤ ኒውትሪኖዎቹ በሰዓታቸው ደርሰው ቀደም ያሉ መሰሉ። ሌላ ትንሽ የሰዓት ስህተትም በተቃራኒ አቅጣጫ ነበር። ሁለቱ ሲታረሙ ቀዳሚነቱ ጠፋ፤ በዚያው ዓመት በግራን ሳሶ የተደረጉ ሌሎች ልኬቶችም ያንኑ አረጋገጡ።

እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ አልሳቅኩም። በላቦራቶሪ ሥራ ላይ አንዴ አንድ ዳሳሽ ጠዋት ጠዋት የተለየ ቁጥር እየሰጠኝ ለሁለት ሳምንት «አዲስ ነገር አገኘሁ» ብዬ ስጨነቅ ነበር። ዳሳሹ ከተከፈተ በኋላ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ይፈልግ ነበር፤ በቃ። ግኝቴ የመሣሪያው የጠዋት እንቅልፍ ሆኖ ቀረ። ልዩነቱ የእኔን ማንም አለመስማቱ ነው።

ጥገናው

ግጭት እየተካሄደ ወደ ሲኤምኤስ ዋሻ ማንም አይገባም፤ ጨረሩ አይፈቅድም። ጨረሩ ሲቆም ደግሞ ደቂቃ በወርቅ ነው። ትልቁ ሥራ የሚሠራው ማጋጫው ለረዥም ጊዜ ሲዘጋ ነው። ያኔ ሲኤምኤስ እንደ ዳቦ በየቁራጩ ይከፈታል። ከቁራጮቹ ትልቁ 2,000 ቶን ገደማ ይመዝናል። እሱን የሚያንቀሳቅሱት ከሥሩ አየር በኃይል የሚነፉ ማንሳፈፊያዎች ናቸው፤ ያ ሁሉ ብረት በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፎ ቀስ ብሎ ይሄዳል።

ሁሉም ነገር ግን አይጠገንም። ክሪስታሎቹ ውስጥ ገብተው የተቆለፉ ስለሆኑ አንድ መስመር ከሞተ ብዙ ጊዜ እንደሞተ ይቀራል። እስካሁን ከ98 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሕይወት ሠርተዋል። የሞተው ቦታ ላይ የወደቀው ጉልበት በዙሪያው ካሉት ጎረቤቶች ይገመታል፤ የቅንጣቱ ዶፍ ሁልጊዜ ወደ ጎረቤትም ይረጫልና።

ጥገና ማለት ክሪስታል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የሲኤምኤስ ትልቁ ማግኔት በየጊዜው መቆም ነበረበት፤ ምክንያቱም ማግኔቱን ወደሚያቀዘቅዘው የሂሊየም ማሽን ውስጥ ዘይት ገብቶ ነበር። ማግኔቱ ሲጠፋ ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች መንገዳቸው አይታጠፍም፤ ካልታጠፈ ደግሞ ግፊታቸው አይለካም። የተወሰነው ዳታ ያለ ማግኔት ተሰበሰበ፤ በክረምቱ እረፍት ማሽኑ ተጸዳ። በዓለም ላይ ካሉት ውስብስብ መሣሪያዎች አንዱን ያስቸገረው የዘይት እድፍ ነበር።

ወደፊትም ሥራ አለ። ማጋጫው ግጭቱን በብዙ እጥፍ ለመጨመር እየተዘጋጀ ነው። የዳርና የዳሩ ክሪስታሎች ያንን ጨረር ስለማይችሉት በአብዛኛው በሲሊኮን በተሠራ አዲስ ዲቴክተር ይተካሉ። የመካከለኛዎቹ ይቆያሉ፤ ግን ከ18 ወደ 9 ዲግሪ ይቀዘቅዛሉ፤ በጨረር የተጎዱት ዳዮዶች ሲቀዘቅዙ ጫጫታቸው ይቀንሳልና።

አሁን ተራው የእናንተ ነው

ቤት ውስጥ ሚዛን ካለ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ባዶውን አስቀምጡት፤ ዜሮ ይላል? ቀጥሎ ባዶ ጠርሙስ መዝኑ፤ ከዚያ መጠኑ በትክክል የታወቀ አንድ ሊትር ውሃ ሞልታችሁ እንደገና መዝኑ። ልዩነቱ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ መሆን አለበት። አሥር ጊዜ ደጋግሙት፤ ቁጥሩ ምን ያህል ይዋዥቃል? በመጨረሻም ጠዋትና ቀትር ላይ ሞክሩት። ውጤቱን ጻፉት። የሲኤምኤስ ሰዎች በ75,848 ክሪስታሎች ላይ የሚያደርጉት፣ ከነዝርዝሩ ባይሆንም በመሠረቱ፣ ይህንኑ ነው።

ኮምፒውተርና ትንሽ የፕሮግራም እውቀት ካላችሁ ደግሞ ሰርን የሲኤምኤስን እውነተኛ ዳታ ከፊሉን በኢንተርኔት ለማንም በነጻ ከፍቷል። የሁለት ኤሌክትሮኖችን ወይም የሁለት ሙዮኖችን ጉልበት ወስዳችሁ የወላጃቸውን ክብደት አስሉ፤ በግራፍ ሳሉት። 91 አካባቢ ኮረብታ ሲወጣላችሁ የራሳችሁን ዜድ ቦዞን አያችሁ ማለት ነው። ኮረብታው ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ካለም አትደንግጡ። ምን እንዳዘነበለው መፈለግ ጀምሩ፤ ሥራው ያ ነው።